«እግር አፈር ይሸረሽራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ የእግር ጉዞ አስተባባሪ «መንገዱ እንዲያርፍ ሣሩ ላይ ተበታትነን እንሂድ» ብሎ ጽፎ አየሁ። ሥሩ ላይ «ጎበዝ!» የሚል አስተያየት ጎርፏል። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት እንጃ፣ ዛሬ ግን አልቻልኩም።

አፈሩን ጠርጎ የሚወስደው ውሃ ነው። ጫማ ለውሃው መንገድ ይጠርግለታል።

እንጀራ አስቡ። ወጥ ሲፈስበት ዓይኑ ይመጠዋል። በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ዓይኑን ከደፈናችሁት ግን ወጡ ወደ ትሪው ጠርዝ ይሸሻል። አፈርም ዓይን አለው። ሲረገጥ ይደፈናል፤ እኛ መጠቅጠቅ እንለዋለን። ዝናቡ መግቢያ ሲያጣ ላይ ላዩን ይሮጣል። ሣሩም ከሞተ የሚይዘው የለም። መንገዱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነማ በቃ፣ ቦይ ሆኗል።

ወዳጄ የሳተው እዚህ ነው። ጉዳቱ በሰው ቁጥር ልክ አይጨምርም። ሣር ላይ ከባዱን ጉዳት የሚያደርሱት መጀመሪያ የሚረግጡት ናቸው። የተጠቀጠቀው መንገድ የሚደፈን ዓይን ብዙም አልቀረውም። «ማሳረፍ» የተባለው እንግዲህ ያልተነካውን እንጀራ መጫን ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ሣሩን ቶሎ አያስነሳውም።

ስሜን ተራሮች ላይ፣ ግጭ በሚባለው ቦታ አካባቢ፣ መንገዱ ሲጨቀይ ሰው ጫማውን ሊያድን ወደ ጓሳ ሣሩ ይወጣል። እሱም ይጨቀያል። ቀጣዩ ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ይረግጣል። አንድ የነበረው መንገድ ጎን ለጎን ሦስት አራት ይሆናል። መሃል ጭቃው ውስጥ ግቡ፤ ጫማ ይታጠባል። መንገዱ ላይ አግድም የተደረደረ ድንጋይ ካያችሁም ውሃውን ወደ ዳር ማስወጫ ነው። ለመቀመጫ አትንቀሉት፣ እባካችሁ።

የበቅሎ ኮቴ ከሰው እግር ይብሳል፤ ክብደቱ ብዙ፣ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ። ደግሞ ነገሩን አናጋንን፦ ስሜን ላይ ለዘመናት አፈሩን የበላው በአመዛኙ የተዳፋት እርሻና ልቅ ግጦሽ ነው፣ ቱሪስት አይደለም።

መበታተን የሚያዋጣበት ቦታም አለ። ጭራሽ መንገድ በሌለበት፣ አራት አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ፣ አንዱ የሌላውን ዱካ ባይረግጥ ይሻላል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ግን አይሆንም።