ሱፐርኮንዳክተር የኢንፍራሬድ ዳሳሾች በሰሜን ሸዋ ደጋ

አንዳንድ ብረቶች በጣም ሲቀዘቅዙ ሬዚስታንሳቸው (የኤሌክትሪክ ፍሰትን መቃወማቸው) ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉትም እነዚህ ናቸው። ይህን ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 በሜርኩሪ ላይ ደረሰበት። ለኢንፍራሬድ (ዓይን ለማያየው፣ ከቀይ ብርሃን ለረዘመ ሞገድ) ምስል የሚጠቅመው፣ በአሉሚኒየም ውስጥ የተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን ለማለያየት የተራ ካሜራ ዳሳሽ የሚሠራበት ሲሊከን ከሚጠይቀው ጉልበት 3,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሚበቃ ነው። ሲሊከን የማያየው ረጅም ሞገድ እዚህ ይታያል።

የሽግግር ጠርዝ ዳሳሽ የሚባለው ስስ ብረት ሬዚስታንሱ ሊጠፋ በተቃረበበት ነጥብ ላይ ተይዞ ይቆያል። ጨረር ጥቂት ሲያሞቀው ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ኩረንቱ ይቀንሳል፤ ለውጡን ስኩዊድ የተባለ ማግኔት ለኪ ያነባል። ድክመቱ ጨረር ሲበዛበት ከነጥቡ መውጣቱ ነው፤ ያኔ ጭራሽ አያይም። ሌላው ዓይነት እያንዳንዱን ፒክስል በራሱ ፍሪኩዌንሲ ስለሚያስተጋባ በአንድ ገመድ ብዙ መቶ ፒክስሎች ይነበባሉ። የብረቱ ውፍረት እኩል ካልሆነ ግን ሁለት ፒክስሎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይገጥሙና ሁለቱም ይበላሻሉ። ነጠላ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ለመቁጠር 5 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው የኒዮቢየም ናይትራይድ ሽቦ ይመረጣል።

ከዳሳሹ ይልቅ አስቸጋሪው ቅዝቃዜው ነው። መጀመሪያ የማግኔት መከለያው ይገጠማል። ብረቱ ሳይከለል ከቀዘቀዘ የመሬት ማግኔት ውስጡ ታስሮ ይቀራል፣ የሚለቀውም እንደገና ሲሞቅ ብቻ ነው። ቀጥሎ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፤ ቀዳዳ ካለ እርጥበት ገብቶ ውስጡ ላይ በረዶ ይሠራል። ከዚያ ማቀዝቀዣው እስከ 4 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ያወርዳል፣ ተጨማሪ ደረጃ ደግሞ ወደ 0.1 ኬልቪን።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላባት ሁሉ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በ77 ፈንታ በ75 ኬልቪን አካባቢ፣ ሂሊየምም በ4.2 ፈንታ በ3.9 ገደማ ይፈላል። ትንሽ ብትሆንም ነጻ ትርፍ ናት! በአንጻሩ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮምፕሬሰር (የማቀዝቀዣው ጋዝ መጭመቂያ) ይግላል። በውሃ የሚቀዘቅዘው ይሻላል፤ ቱቦው ግን የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እንዲችል ፀረ በረዶ ይጨመርበት።

ሰማዩን በተመለከተ ከፍታው ከላይ የሚቀረውን የውሃ ተን ይቀንሳል። የውሃ ተን ኢንፍራሬድን ይውጣል፣ ራሱም ያበራል። ይሁንና በልጉም ክረምቱም ዝናብ ነው፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። እነዚህ የሽግግር ጠርዝ ዳሳሽን ከነጥቡ ያስወጣሉ። የሚሠራበት ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም ጄኔሬተር ግድ ነው፤ አንዴ የሞቀ ክራዮስታት (ዳሳሹ ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት ዕቃ) እንደገና ለመቀዝቀዝ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል።