ቪድዩት ጃምዋል፦ ከካላሪፓያቱ ሥልጠና እስከ ቦሊውድ

ቪድዩት ጃምዋል በ1980 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደ ሕንዳዊ ተዋናይ ሲሆን፣ በፊልም ዓለም ከመታወቁ በፊት የካላሪፓያቱ ባለሙያ ነበር። አባቱ የጦር መኮንን ቢሆንም ሥልጠናውን ያገኘው በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት በፓላካድ እናቱ ታስተዳድረው በነበረ አሽራም (መንፈሳዊ ማዕከል) ውስጥ ሲሆን፣ ትምህርቱን የጀመረውም በሦስት ዓመቱ ነው።

ካላሪፓያቱ የኬረላ ጥንታዊ የፍልሚያ ጥበብ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ሰውነቱን በዘይት እየታሸ ያፍታታል፤ እንደ ዝሆን፣ እንደ አንበሳና እንደ እባብ ካሉ እንስሳት የተወሰዱ አቋቋሞችንም ይለማመዳል። ከዚያ በእንጨት ዱላ፣ ቀጥሎም በሰይፍ፣ በጋሻ፣ በጦርና እንደ ቀበቶ በሚተጣጠፈው ኡሩሚ በተባለ ሰይፍ ይሠለጥናል። ባዶ እጅ መፋለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጃምዋል በፊልም ላይ ከመሬት ተጣብቆ ሲንሸራተት፣ ወዲያውም ሳይንደረደር ሲዘል የሚታየው ቅልጥፍና ከዚህ ሥልጠና ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

ታዋቂ ያደረገው በ2011 የወጣው የሂንዲ ፊልም «ፎርስ» ነው። የዋናው ተዋናይ የጆን አብርሃም ባላንጣ ሆኖ የሠራበት ይህ ፊልም ፊልምፌር ከተባለው የሕንድ የፊልም ሽልማት የምርጥ አዲስ ተዋናይነቱን አስገኝቶለታል። በ2012 በታሚል ቋንቋ በተሠሩት «ቢላ 2» እና «ቱፓኪ» ውስጥም በባላንጣነት ተሰልፏል፤ በተለይ ሁለተኛው በደቡብ ሕንድ ተመልካች ዘንድ ስሙን አጽንቶለታል።

የመሪ ተዋናይነት ቦታ ያገኘው በ2013 በ«ኮማንዶ» ነው። አደገኛ ትዕይንቶችን ያለ ተተኪና ያለ ገመድ ራሱ የሚሠራ መሆኑ የፊልሙ ዋና መስህብ ሆነ፤ በ2017 እና በ2019 ተከታይ ክፍሎች ወጥተውለታል። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚህ ፊልሞች ድርሰቱ ከተዋናዩ አካላዊ ችሎታ እጅግ ያነሰ ነው፤ ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንዱን ፍልሚያ ከሌላው ለማገናኘት ብቻ የቆመ ይመስላል። አሜሪካዊው ቸክ ረስል ባዘጋጀው የ2019 «ጃንግሊ» ከዝሆን አዳኞች ጋር የሚፋለም የእንስሳት ሐኪም ሆኗል።

ከዚህ አንጻር የተሻለ ምርጫው የ2020 «ኩዳ ሃፊዝ» ነው። ለሥራ ባሕር ማዶ ሄዳ የጠፋች ሚስቱን የሚፈልግ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ሲተውን፣ የለመደውን ቅልጥፍና ደብቆ እንደ ማንኛውም ያልሠለጠነ ሰው በደመ ነፍስና በንዴት መማታት ነበረበት። ይህ ለእሱ ከማንኛውም ዝላይ የሚከብድ ሳይሆን አይቀርም።

በ2021 አክሽን ሂሮ ፊልምስ የተሰኘ ኩባንያ አቋቁሞ በ2023 «አይ ቢ 71»ን፣ በ2024 ደግሞ «ክራክ»ን በፕሮዲውሰርነትም ሠርቷል። በ2025 ከቪዲዮ ጨዋታ በተወሰደው የሆሊውድ «ስትሪት ፋይተር» ፊልም ውስጥ ዳልሲም የተባለውን ሕንዳዊ ዮጊ (የዮጋ ባለሙያ) እንዲጫወት ተመርጧል። በቪዲዮ ጨዋታው ዳልሲም እጅና እግሩን እንደ ጎማ እየሳበ የሚመታ ተፋላሚ ነው፤ ይህን ደግሞ ከኮምፒውተር እርዳታ ውጭ የሚያስተምር ካላሪ (የካላሪፓያቱ ማሠልጠኛ) የለም።