ዎርድ ከተሻሻለ በኋላ የምዕራፍ ቁጥር ሲዛባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጨረታ ሰነድ ወይም ወፍራም የዲዛይን ሪፖርት ነው። ኮምፒውተር ተቀይሮ ወይም አዲስ ኦፊስ ተጭኖ ሲከፈት ምዕራፍ 3 ተመልሶ ምዕራፍ 1 ሆኗል፤ 4.2 የነበረው 1.2 ይላል፤ አንዳንዱ ርዕስ ደግሞ ጨርሶ ቁጥር የለውም። በዚህ ጊዜ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም፤ አብዛኛው ምክር ግን ጉዳቱን ያባብሳል። እዚህ የማነሣው በማይክሮሶፍት ዎርድ ዙሪያ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ነው።

«አዲሱ ስሪት ቁጥሮቼን ቀየራቸው»

በራስ-ሰር የወጣ የርዕስ ቁጥር ከርዕሱ ጋር ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ አይቀመጥም። የሚጠራጠር ሰው የሰነዱን ቅጂ ወስዶ የስሙን መጨረሻ ከዶክኤክስ ወደ ዚፕ ይቀይርና ይክፈተው። ጽሑፉን በአንድ ፋይል፣ ስታይሎቹን (ለርዕስና ለአንቀጽ በስም የተቀመጡትን የቅርጽ ስብስቦች) በሌላ፣ የቁጥር አሰጣጡን ደንብ ደግሞ በሦስተኛ ፋይል ያገኛል። ርዕሱ የያዘው «የዚህ ዝርዝር ሁለተኛ ደረጃ ነኝ» የሚል መጠቆሚያ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በስታይሉ በኩል የሚመጣ ነው። 4.2 የሚለውን ዎርድ ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ያወጣዋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ሲዛባ መመርመር ያለበት ደንቡና መጠቆሚያው ነው። ችግሩም ብዙ ጊዜ ከማሻሻያው በፊት የተጠነሰሰ ነው። ከሌላ ሰነድ ኮፒ ተደርጎ የመጣ ርዕስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ሊገባ ይችላል። ለዓይን ከጎረቤቱ ርዕስ አይለይም፤ ለዎርድ ግን ሌላ ቆጠራ ነው። አምስት ሰዎች የየድርሻቸውን ጽፈው አንድ ላይ ያጣበቁት ሪፖርት ውስጥ አምስት ቆጣሪዎች ቢገኙ አይገርምም።

ማሻሻያው እጁ ያለበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ ቴምፕሌቱ፣ ማለትም ሰነዱ የተመሠረተበት የናሙና ፋይል ነው። «ዴቨሎፐር» በሚለው ትር ሥር «ዶክዩመንት ቴምፕሌት» ሲከፈት «ኦቶማቲካሊ አፕዴት ዶክዩመንት ስታይልስ» የሚል ሣጥን አለ። ሣጥኑ ምልክት ካለው፣ ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር የስታይሎቹን መልክ ከቴምፕሌቱ ይቀዳል። አዲስ የተጫነ ኦፊስ ይዞት የሚመጣው ቴምፕሌት ደግሞ የምዕራፍ ርዕስ ስታይል ለሆነው «ሄዲንግ 1» ቁጥር አይሰጥም። በአሮጌው ኮምፒውተር ያማረው ሰነድ በአዲሱ ላይ ባዶ ርዕስ ይዞ ብቅ የሚለው እንዲህ ነው። ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ምልክቱን ማንሣት ይቀድማል።

«ቁጥሩን በእጄ ጽፌ ብገላገልስ?»

ቀነ ገደብ ለደረሰበት ሰው ፈተናው ይገባኛል። ግን በእጅ የተጻፈ ቁጥር ለዎርድ እንደማንኛውም ፊደል ነው። ነገ ከመሃል አንድ ንዑስ ርዕስ ቢጨመር ከሥሩ ያሉት አይንቀሳቀሱም። ስታይሉ ኋላ ሲስተካከል ደግሞ «3.2 3.2 የአፈር ምርመራ» የሚል ድርብ ቁጥር ይመጣል።

ከዚህ የከፋው ርዕሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። «ክፍል 4.2ን ይመልከቱ» የሚሉት ማጣቀሻዎች የተሳሰሩት ርዕሱ ላይ ካለ የማይታይ ዕልባት ጋር ነው። ርዕሱ ሲጠፋ ዕልባቱም አብሮት ይጠፋል፤ ማጣቀሻው ሲታደስም «ኤረር! ሪፈረንስ ሶርስ ናት ፋውንድ» የሚለው ጽሑፍ ይተካዋል።

«የቁጥር ቁልፏን መጫን ይበቃል»

ለአንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል፤ ለረጅም ሰነድ ግን አይሆንም። «ሆም» ላይ ያለችው የ«ነምበሪንግ» ቁልፍ ለተመረጠው አንቀጽ በቀጥታ ቁጥር ትለጥፍበታለች፤ ስታይሉ ስለዚህ ምንም አያውቅም። በየርዕሱ እየሄዱ በቀኝ ጠቅታ «ኮንቲኒው ነምበሪንግ» ማለትም ለዚያ ቦታ ብቻ የሚሠራ ጥገና ነው።

ዘላቂው መንገድ ይህ ነው። ጠቋሚውን የመጀመሪያው የምዕራፍ ርዕስ ላይ ያሳርፉ። «ሆም» ላይ ካለው «ማልቲሌቭል ሊስት» ውስጥ «ዲፋይን ኒው ሊስት ስታይል» የሚለውን ይምረጡና ስም ይስጡት፤ ስም ያለው ዝርዝር ኋላ ለማረም ይመቻል። ከዚያ «ፎርማት»፣ ቀጥሎ «ነምበሪንግ»፣ ቀጥሎም «ሞር»። ደረጃ 1ን ሲመርጡ «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» በሚለው ቦታ «ሄዲንግ 1»ን፣ ደረጃ 2ን ሲመርጡ «ሄዲንግ 2»ን እያሉ ያስሩ። ዎርድ እስከ 9 ደረጃ ይፈቅዳል፤ ከ4 በላይ የሚያስፈልገው ሰነድ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አደረጃጀቱ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ የአገራችን ተመራቂዎች ደጋግመው የሚቸገሩበት ነገር አለ። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የምዕራፉ ርዕስ ብዙ ጊዜ «ቻፕተር ዋን» ተብሎ በቃል ይጻፋል፤ ከሥሩ ያለው ንዑስ ርዕስ ግን 1.1 መሆን አለበት። ሁለቱን በራስ-ሰር ማስማማት አይቻልም እየተባለ ብዙዎች የምዕራፉን ቁጥር በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ያኔ ንዑስ ርዕሱ የሚቆጥርበት መነሻ ያጣና 0.1 ይላል። ማስማማቱ ግን ይቻላል። በደረጃ 1 የቁጥር ሣጥን ውስጥ ከቁጥሩ በፊት «ቻፕተር» ብለው ይጻፉና የቁጥሩን ዓይነት ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ወደሚለው ይለውጡ። ንዑስ ርዕሱ «ዋን.1» ሲልብዎት አይደንግጡ፤ ደረጃ 2ንና ከዚያ በታች ያሉትን እየመረጡ «ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ» ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ወደ 1.1 ይመለሳል። በአማርኛ ለሚጽፍም በዚያው ሣጥን ከቁጥሩ በፊት «ምዕራፍ» ብሎ ማስገባት ይበቃል፤ በየርዕሱ መድገም አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ አልታዘዝ ያሉ ርዕሶች ቢቀሩ በየአንዳንዳቸው ላይ ቆመው ኮንትሮልና ኪው ይጫኑ። በእጅ የተለጠፈው የአንቀጽ ቅርጽ ይነሣና ርዕሱ ወደ ስታይሉ ይመለሳል። ከመጀመሪያውም ስታይል ላልተሰጠው ኮንትሮል፣ ኦልት እና 1 «ሄዲንግ 1» ያደርገዋል። በ«ቪው» ሥር ያለው «ናቪጌሽን ፔን» ርዕሶቹን ከነቁጥራቸው ደርድሮ ስለሚያሳይ ሁለት መቶ ገጽ ማገላበጥ ይቀራል።

«ማውጫው ሌላ፣ ርዕሱ ሌላ ካለ ማውጫው ተበላሽቷል»

እንዲያውም እውነቱን የያዘው ማውጫው ሊሆን ይችላል። የርዕሱ ቁጥር በየጊዜው ሲሰላ፣ የማውጫውና የማጣቀሻው ቁጥር መጨረሻ በታደሰበት ቀን እንደነበረ ተጽፎ ይቆያል። ስለዚህ ሰነዱ ተዛብቶ ሲከፈት አሮጌው ማውጫ የድሮው አቆጣጠር ምስክር ነው። ኤፍ 9 ተጭነው ከማደስዎ በፊት ሰነዱን በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማደሱን ነው፤ ያቺን ብቸኛ ማስረጃም በገዛ እጁ ያጠፋል።

ርዕሶቹ ከተስተካከሉ በኋላ ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኤፍ 9። ይህ ራስጌን፣ ግርጌንና የጽሑፍ ሣጥኖችን ስለማይነካ እነዚያን ለየብቻ ማደስ ያስፈልጋል። «ምስል 3-2» የሚሉ መግለጫዎችም 3ን የሚወስዱት ከምዕራፉ ርዕስ ነው፤ ርዕሱ ቁጥሩን ሲያጣ «ምስል 0-2» ይሆናሉ። ምዕራፉ ከዳነ እነሱም በማደስ ይድናሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤፍ 9 ግን አብረው እንዳይነኩ፤ የተመረጠውን ማጣቀሻ ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጡታል።

«በየስሪቱ የፋይሉ ዓይነት ይቀየራል»

ትልቁ ለውጥ የመጣው በዎርድ 2007 ነው፤ ያኔ ዶክ ለዶክኤክስ ቦታውን ለቀቀ። ከዎርድ 2013 ወዲህ ደግሞ 2016ም ሆነ 2019 በሰነዱ ውስጥ የሚመዘግቡት የተኳኋኝነት ደረጃ (ሰነዱ በየትኛው ስሪት አሠራር እንደሚስተናገድ የሚናገር ቁጥር) ያው 15 ነው። ከ2016 ወደ 2019 ተሻግሮ ቁጥሩ የተዛባበት ሰው ስለዚህ ፋይሉን «ኮንቨርት» ማድረጉ አይፈይደውም፤ ቴምፕሌቱን ይይ። አሮጌ ዶክ ፋይል ላለው ግን መለወጡ ተገቢ ነው፤ ገጽ አከፋፈሉ ሊንሸራተት ስለሚችል በቅጂ ላይ ይሞክረው።

«በቁጥሩ ቦታ ጥቁር ሣጥን ከመጣ ቫይረስ ነው»

አይደለም፤ የታወቀ የዎርድ ብልሽት ነው፤ የቁጥሩ የፊደል ቅርጽ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጠቋሚውን ከጥቁሩ ሣጥን ቀጥሎ፣ ከርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል በፊት ያሳርፉና ሣጥኑ ግራጫ እስኪሆን የግራ ቀስት ይጫኑ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስ ተጭነው «ሪአፕላይ» ይበሉ። በየደረጃው አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል። ሰነዱን ዘግተው ሲከፍቱ ከተመለሰ፣ የዝርዝር ስታይሉን ከላይ እንደተባለው እንደ አዲስ መሥራት ነው።

«የድሮውን ስሪት መልሼ ብጭን ይስተካከላል»

የተምታታ ዝርዝር በአሮጌውም ስሪት የተምታታ ነው። ጥፋቱ የቴምፕሌት ከሆነ ደግሞ ሙሉ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፤ ከአሮጌው ኮምፒውተር መምጣት ያለበት ሰነዱ የተመሠረተበት የቴምፕሌት ፋይል ብቻ ነው።