"በኖራ የተለሰነ መቃብር"፦ ኖራው ለምን ተቀባ?

ላይ ላዩን ጸሎተኛና ትሑት መስሎ ውስጡ ቂምና ስስት የሞላበትን ሰው "በኖራ የተለሰነ መቃብር" እንለዋለን። አባባሉ የተወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል 23፥27 ነው። ኖራው ለጌጥ ብቻ የተቀባ ከመሰለን ግን የነገሩ ግማሽ ያመልጠናል።

በሙሴ ሕግ መቃብር የነካ ሰው 7 ቀን ይረክሳል (ዘኍልቍ 19፥16)። እንዲነጻም የቀይ ጊደር አመድ የገባበት ውሃ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ይረጭበታል። ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ መንገደኛ ሳያውቅ መቃብር ቢረግጥ በዓሉ ሊያልፈው ይችላል። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ እንደሚለው፣ አዳር የተባለው የአይሁድ ወር በገባ በ15ኛው ቀን፣ ማለትም ፋሲካ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ መንገድ ይጠገናል፤ መቃብርም ምልክት ይደረግበታል። ኖራ በውሃ ይበጠበጥና መቃብሩ ላይ ይፈሳል፤ በቃ። ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ መደገም አለበት።

እንግዲህ ኖራው የሚናገረው "አትቅረቡ" ነው። ጌታ ይህን የተናገረው እዚያው ኢየሩሳሌም፣ በፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ሰሚዎቹ ነጩን መቃብር በየመንገዱ እያዩ መጥተዋል። "በውጭ አምረው የሚታዩ" ሲላቸው፣ ያ የሚያምረው ነገር ሬሳ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት እንደሆነ ያውቃሉ። የቱንም ያህል ኖራ ቢደራረብ አጥንቱ አጥንት ነው። በሉቃስ 11፥44 ምሳሌው ይገለበጣል፦ መቃብሩ የተሰወረ ነው፤ ሰዎች ሳያውቁ በላዩ ይሄዳሉ። እንደ እኔ የሉቃሱ የበለጠ ያስፈራል፤ የሚጎዳው ሌላው ሰው ነውና።

የኛው "ውስጡን ለቄስ" የዚህ አባባል ጎረቤት ነው፤ ልዩነት ግን አላቸው። ያኛው ውስጡን ሸፍኖ ያልፋል፣ ይሄኛው ውስጥ ያለውን በስሙ ይጠራል።

ትልቁ ስሕተት አባባሉን በጾምና በስግደት ላይ ማንሳት ነው፤ "ዋናው ልብ ነው" ብሎ ሥርዓቱን መጣል። ምዕራፉ ይህን አይፈቅድም። አዝሙድ፣ እንስላልና ከሙን ሳይቀር አሥራት ያወጡ የነበሩትን ጻፎችና ፈሪሳውያን ጌታ የወቀሳቸው ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው፤ አሥራቱን ግን "ሌላውን ሳትተዉ" ብሎ አጸናው (23፥23)። ያስተካከለው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ውጭው ጥሩ እንዲሆን "አስቀድመህ" የጽዋውን ውስጥ አጥራ (23፥26)። በጾም ቀን ይህ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሥጋና ከወተት የተከለከለ አፍ ያንኑ ዕለት ሰው ካማ፣ ያልታረቀው ወንድምም እንደተኮራረፈ ፋሲካ ከደረሰ፣ የተለሰነው ውጭው ብቻ ነው። ጾሙ ይቅር አይባልም፤ ዕርቁ ይቅደም እንጂ።

ሌላው ጥፋት ቃሉን ለስድብ ማዋል ነው። ጳውሎስ በሸንጎ ፊት በጥፊ እንዲመታ ያዘዘውን ሐናንያን "በኖራ የተለሰነ ግድግዳ" ብሎታል (ሐዋ. 23፥3)። ብዙዎች ይህን ከመቃብሩ ጋር ያምታቱታል። ሰውየው ሊቀ ካህናት መሆኑ ሲነገረው ግን ጳውሎስ "በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር" የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ራሱን አረመ።