መካከለኛ ጃፓንኛ ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች ጃፓንኛን ብዙ ጊዜ በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ሾኪዩ፣ ቹኪዩ፣ ጆኪዩ። ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ማለት ነው። ጀማሪ ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ከፍተኛም እንደዚያው። ግራ የሚያጋባው ቹኪዩ ነው። ብዙ ተማሪ እጅ የሚሰጠውም እዚሁ ላይ ነው።

ቹኪዩ የሚጀምረው የጀማሪው ሰዋስው ሲያልቅ ነው። ተማሪው ሂራጋናንና ካታካናን ጨርሷል፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው። ከቻይና ከመጣው ጽሕፈት ከካንጂም ወደ 300 ገደማ ያውቃል። ግስ ያረባል፣ ምግብ ያዛል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ ስለ ቤተሰቡ ያወራል። ከዚያ ደፈር ብሎ ጋዜጣ ይገልጣል። አንድ አንቀጽ እንኳ አይገፋለትም።

ይህ ገደል የታወቀ ነው። ጄኤልፒቲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጃፓንኛ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር አራት ደረጃ ነበረው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት በጣም ስለሰፋ በ2010 ደረጃዎቹ አምስት ሆኑ፤ በሁለቱ መካከልም ኤን3 የሚባል አዲስ ደረጃ ገባ። ቀላሉ ኤን5፣ ከባዱ ኤን1 ነው። ዛሬ "መካከለኛ ነኝ" የሚል ሰው ባብዛኛው ኤን3 አካባቢ ነኝ ማለቱ ነው። ኤን3 ከ180 ነጥብ 95 ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ከሦስቱም ክፍሎች በእያንዳንዱ ከ60 ቢያንስ 19 ማምጣት ግድ ነው። ንግግርና ድርሰት ግን የለበትም፤ ጥያቄው ሁሉ ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። ስለዚህ ኤን3 አልፎ አፉን መፍታት ያቃተው ሰው ብታገኙ አይግረማችሁ።

ቹኪዩ ላይ መጀመሪያ የሚለወጠው የሚነበበው ነገር ነው። ጀማሪው በአቶ ታናካና በአንድ የውጭ አገር ተማሪ መካከል የሚደረግ ጭውውት ሲያነብ ከርሟል። አሁን ስለ ሕዝብ ቁጥር መቀነስ ወይም ስለ ቆሻሻ አወጋገድ የተጻፈ ሁለት ገጽ ይሰጠዋል። ካንጂውም ይበዛል። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የመደበው 2136 ነው፤ 1026ቱን የጃፓን ልጆች ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ይጨርሱታል።

ቁጥሩስ ባልከፋ፤ አንዱ ካንጂ በየቦታው ድምፁን ይቀያይራል እንጂ። "ሕይወት" የሚል ሐሳብ ያለውን ካንጂ ውሰዱ። "ሴንሴይ" (መምህር) ውስጥ "ሴይ" ተብሎ ይነበባል። "ታንጆቢ" (የልደት ቀን) ውስጥ "ጆ" ይሆናል። "ኢኪሩ" ሲሆን መኖር፣ "ኡማሬሩ" ሲሆን መወለድ ነው። ለብቻው ቆሞ "ናማ" ሲባል ደግሞ ጥሬ ማለት ነው፤ ያው የጥሬ ሥጋው ጥሬ። መጠጥ ቤት ገብቶ "ናማ" ያለ ሰው ግን የሚመጣለት ድራፍት ቢራ ነው። ማዳመጥ ላይ ጣጣው ይገለበጣል። "ኪካን" የሚለው አንድ ድምፅ የጊዜ ገደብ፣ ተቋም፣ የሰውነት ክፍል ወይም መመለስ ሊሆን ይችላል። ባብዛኛው የሚለየው በዙሪያው ባለው ወሬ ነው።

ለዚህ አቋራጭ የለውም፤ ጊዜ ነው የሚፈልገው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ጃፓንኛ ለማስተማር ወደ 2200 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሳምንት 5 ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንት የሚማር ሰው በዓመት የሚያገኘው 150 ሰዓት ነው። ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። በነገራችን ላይ ያው መሥሪያ ቤት ለአማርኛ የሚመድበው 1100 ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ግን እንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው የወጡ ናቸው፤ ለእኛ እንዳሉ አይሠሩም።

አማርኛ ተናጋሪው ቹኪዩ ላይ ራሱን የሚያደክመው ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚማር ነው ባይ ነኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን መጽሐፉ ገጽ ሙሉ የሚያብራራው "እንግዳ" ሰዋስው ለእኛ ብዙ ጊዜ ቤተኛ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ያን ልተወው። "ኪኖ ካታ ሆን" የሚለውን እዩ፦ "ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ"። ገላጩ ሐረግ እንዳለ ከስሙ ፊት ይቆማል። እንግሊዝኛ ይህን ገልብጦ ከኋላ ያስከትለዋል። በሁለት መስመር የተዘረጋ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ በአማርኛ ቅደም ተከተሉ አንብቡት፤ ምን ያህል እንደሚፈታ ታያላችሁ።

የበለጠ የሚገርመው "ቴ ኢሩ" ነው። ጀማሪው ይህን ቅርጽ "እያደረገ ነው" ብሎ ይሸመድደዋል። "ታቤቴ ኢሩ" እየበላ ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ "ኬኮን ሺቴ ኢሩ" ይመጣል። "እያገባ ነው" ብሎ ይተረጉማል፤ ግን "አግብቷል" ማለት ነው። "ኪቴ ኢሩ" ደግሞ "እየመጣ ነው" ሳይሆን "መጥቷል"። የእኛን "መጥቷል" ፈታ አድርጋችሁ ብታዩት "መጥቶ አለ" ነው። የእነሱም "ኪቴ" (መጥቶ) እና "ኢሩ" (አለ) ነው። ገጣጥሞ የሠራቸው አንድ ሰው ይመስላል።

ተገብሮውም እንዲሁ። ጃፓኖች ዝናብ ሲያበላሽባቸው "አሜ ኒ ፉራሬታ" ይላሉ። በቃል በቃል ስንመልሰው "በዝናብ ተዘነብኩ" ዓይነት ነገር ይሆናል። መጽሐፉ "የመጎዳት ተገብሮ" ብሎ ስም አውጥቶለት ብዙ ያስረዳል። እኛ ግን "ዘነበብኝ" ብለን በአንዲት "ብኝ" እንጨርሰዋለን። በጎው ሲሆን ደግሞ "ዮንዴ ኩሬታ" አለ፤ "አነበበልኝ" ነው። "ብኝ" እና "ልኝ" ያለው ሰው ቹኪዩ ላይ ግማሹን መንገድ በነፃ ሄዷል።

አማርኛ ጥሎን የሚሄድበት ቦታም አለ፤ ኬይጎ ይባላል፣ የአክብሮት ንግግር ነው። አንተና እርስዎ ለይቶ ያደገ ሰው "ይቺማ ቀላል ናት" ይላል። አይደለችም። እኛ አባታችንን የምናከብር ከሆነ ከማንም ጋር ስናወራ እናከብራለን፤ ስልክ ለደወለ እንግዳ "አባቴ አሁን የሉም" እንላለን። ጃፓንኛ ይህን አይፈቅድም። ከውጭ ሰው ጋር ስታወሩ የራሳችሁን ወገን ዝቅ ማድረግ አለባችሁ። የራስን አባት "ቺቺ" ማለት፣ ግሱንም ራስን ዝቅ በሚያደርገው መልኩ "ኦሪማሴን" (የለም) ማለት ነው። ያንኑ ሰውዬ ስለ እሱ አባት ስትጠይቁት ደግሞ "ኦቶሳን" ብላችሁ ግሱን ከፍ ታደርጋላችሁ። መሥሪያ ቤትም ያው ነው፦ አለቃችሁን ፊት ለፊት "ታናካ ሳን" ትሏቸዋላችሁ፤ ደንበኛ ደውሎ ሲጠይቅ ግን ባዶ "ታናካ" ይሆናሉ። እሳቸው ያሉበት ቢሮ ውስጥ፣ እሳቸው እየሰሙ።

ጄኤልፒቲ ይህን መረዳት ትችሉ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያየው። በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄድ ልጅ ግን ከአፉ ማውጣት አለበት። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ከጃፓን ልጆች እኩል ሌክቸር ይገባል። ሾኪዩም ቹኪዩም በዚያች ዓመት ውስጥ ይታጨቃሉ። መምህራኑም ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ስልክ ያስደውሏቸዋል፦ አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ ጸሐፊ፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ።