በክሬዲት ካርድ ነጥብ ወደ አገር ቤት መብረር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለገና ወይም ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ሲያስብ ከሻንጣው በፊት የሚያስጨንቀው የትኬቱ ዋጋ ነው። አራት ሰው ከዋሽንግተን ዳለስ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። ታዲያ ቡና ላይ «እገሌ እኮ በካርድ ፖይንት በነፃ ሄደ» የሚል ወሬ (ፖይንት ማለት በካርዱ ለሚወጣው ገንዘብ ባንኩ የሚሰጠው ነጥብ ነው) ሲነሣ ግማሹ ሰው ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው ደግሞ በማግስቱ ለሦስት ካርዶች ያመለክታል። ሁለቱም ስተዋል።

«ባንክ በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም፤ ማጭበርበሪያ ነው»

የመጀመሪያው ሐረግ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእርሱ አይከተልም። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛ በክሬዲት ካርድ ሲከፍል ከነጋዴው ሽያጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በመቶ አካባቢ ይቆረጣል። ለነጥብ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ተቆራጭ እና ዕዳቸውን በየወሩ አጠናቀው የማይከፍሉ ሰዎች ከሚከፍሉት ወለድ ይመጣል። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ «እኛ ጋ ለምን ይህ የለም?» ቢል መልሱ እዚያው ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ የነጋዴው ባንክ ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚከፍለውን ድርሻ ለግለሰብ ክሬዲት ካርድ በ0.3 በመቶ ስለገደበው፣ ባንኮቹ ለደንበኛ የሚያካፍሉት ብዙ የላቸውም። አሜሪካም ውስጥ ዴቢት ካርድ እምብዛም ነጥብ የማይሰጠው የእርሱ ክፍያ በሕግ ስለተገደበ ነው።

«ሚኒመሙን እየከፈልኩ ነጥቤን እሰበስባለሁ»

ባንኩ በየወሩ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ክፍያ (ሚኒመም) ብቻ እየከፈሉ ዕዳውን ማቆየት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት ይገባል። የካርድ ወለድ በአሁኑ ጊዜ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 3,000 ዶላር ዕዳ በ21 በመቶ ወለድ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቀንስ ቢቆይ 630 ዶላር ገደማ ይወልዳል። ያ 3,000 ዶላር ሲወጣ የተገኘው ነጥብ ደግሞ፣ በዶላር አንድ ነጥብ ቢታሰብና አንዱ ነጥብ አንድ ሳንቲም ቢያወጣ፣ 30 ዶላር ነው። 30 ለማግኘት 630 የሚከፍል ሰው የጎረቤቱን ትኬት እየገዛ ነው ማለት ነው። ዕዳ ያለበት ሰው መጀመሪያ ዕዳውን ይክፈል፤ ነጥብ የሚጠቅመው የወሩን ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለሚዘጋ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በተለይ እኛን የሚነካ ሌላ ወጥመድ አለ። ለእናት፣ ለወንድም የሚላከውን ሐዋላ በክሬዲት ካርድ ቢልኩ ነጥብ የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። ብዙዎቹ ባንኮች ግን ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። አምስት በመቶ ክፍያ የተለመደ ስለሆነ 500 ዶላር ሲላክ 25 ዶላር ይጨመርበታል፤ ወለዱ ከዚያኑ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ነጥብም አይገኝበትም።

«አዲስ ካርድ መክፈት ክሬዲቴን ያበላሸዋል»

ለጊዜው በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል፤ አያበላሸውም። ብዙ አበዳሪዎች የተበዳሪን ታማኝነት ለመመዘን በሚጠቀሙበት በፋይኮ ስሌት 35 በመቶው በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው የዕዳ መጠን ሲሆን፣ አዲስ ብድር መጠየቅ የያዘው ድርሻ 10 በመቶ ነው። ሆኖም በቅርብ ወራት ቤት ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ማመልከቻውን ቢያቆየው ይሻላል።

«የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት የሚገኘው በሼባ ማይልስ ብቻ ነው»

ሼባ ማይልስ የአየር መንገዱ የራሱ የማይል (የበረራ ነጥብ) ፕሮግራም ነው፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ ከዋሽንግተን ዳለስ የሚነሣው የራሱ በረራ በሌሎች አባላት ማይል ሊያዝ ይችላል፦ በዩናይትድ፣ ኤሮፕላን በተባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም፣ ላይፍማይልስ በተባለው የአቪያንካ አየር መንገድ ፕሮግራም። የቼዝ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ነጥብ ደግሞ ወደ ኤሮፕላንና ወደ ላይፍማይልስ ይተላለፋል። ስለዚህ በየዓመቱ የማይበር፣ ይልቁንም ቀኑን ሙሉ መኪና እየነዳ ለጋዝ፣ ለአስቤዛና ለልጆች ልብስ የሚያወጣ ሰው አውሮፕላን ሳይሳፈር ማይል ሊያጠራቅም ይችላል። ትልቁ ክምችት ግን ከዕለት ወጪ ሳይሆን አዲስ ካርድ ሲከፈት ባንኩ ከሚሰጠው የመክፈቻ ስጦታ ይገኛል፤ ለምሳሌ በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ላወጣ 60,000 ነጥብ ይሰጣል። ያ ወጪ ቀድሞውኑ የነበረ መሆን አለበት። ነጥብ ለማግኘት ሲል አዲስ ሶፋ የገዛ ሰው አትርፏል ለማለት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከባንክ ወደ አየር መንገድ የተላለፈ ነጥብ አይመለስም። አንድ ዓመት ወንበር መኖሩን በጨረፍታ አይቼ ነጥቤን በሙሉ አስተላለፍኩ፤ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ወንበሩ ተወሰደ፤ ማይሉ ለሌላ ጉዞ እስኪውል ከዓመት በላይ ተቀመጠ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ወንበሩንና ቀኑን ማረጋገጥ፣ የሚቻል ከሆነ በስልክ ማስያዝ፣ ከዚያ በኋላ ማስተላለፍ ነው።

«አንድ ነጥብ አንድ ሳንቲም ነው፤ ትኬቱም ፍጹም ነፃ ነው»

የነጥብ ዋጋ በአጠቃቀሙ ይለያያል። ከትኬቱ የገንዘብ ዋጋ ላይ በነጥብ ሲገዛም የሚከፈለውን ታክስ መቀነስ፣ የቀረውን በሚጠየቀው ነጥብ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ትኬቱ 1,400 ዶላር ቢሆንና በነጥብ ሲገዛ 80,000 ነጥብና 100 ዶላር ታክስ ቢጠየቅ፣ 1,300 ዶላር ለ80,000 ሲካፈል አንድ ነጥብ 1.6 ሳንቲም ገደማ አወጣ ማለት ነው። ያው ትኬት በቅናሽ ወቅት 800 ዶላር ከሆነ ግን ዋጋው ከአንድ ሳንቲም በታች ይወርዳል፤ ያኔ በገንዘብ ገዝቶ ነጥቡን ማቆየት ይመረጣል። ታክሱም አይቀርም፦ ከአሜሪካ ሲነሡ 5.60 ዶላር የጸጥታ ክፍያ አለ፣ ሲመለሱ ደግሞ የአዲስ አበባ ኤርፖርት ታክስ ይጨመራል። አንዳንድ የማይል ፕሮግራሞች የነዳጅ ጭማሪ ስለሚያስከፍሉ ነጥቡን ወዴት እንደሚያስተላልፉ መምረጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያድን ይችላል።

«እያጠራቀምኩ ልቆይ፤ ለጡረታዬ ይሆነኛል»

ጤፍ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ነቀዝም አይደፍረውም። ነጥብ ግን ወለድ አይወልድም፣ ዋጋውንም አየር መንገዱ በፈለገ ጊዜ ይቀንሰዋል። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2019 ለበረራዎቹ የሚጠይቀውን ማይል የሚያሳየውን ቋሚ ሠንጠረዥ ካነሣ ወዲህ የዛሬው ቁጥር ነገም እንደዚያው እንደሚሆን ዋስትና የለም። ከዚህም ሌላ ካርዱን የሚዘጋ ሰው ሊያጣ የሚችለው ባንክ ውስጥ የቀረውን ነጥብ ነው፤ ወደ አየር መንገዱ የተላለፈው ማይል ይቆይለታል።

የመጨረሻው ቅሬታ «ፈልጌ አጣሁ» የሚለው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ፍለጋው ለገናና ለጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ነው። አየር መንገዱ በገንዘብ የሚሸጠውን ወንበር በዚያ ወቅት ለሌላ ድርጅት ማይል አሳልፎ የሚሰጥበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ከበረራው አሥራ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ የሚፈልግ፣ ወይም ለፋሲካ መሄድ የሚችል ሰው የተሻለ ዕድል አለው። አራት ወንበር አንድ ላይ ከጠፋ ደግሞ ሁለቱን በነጥብ፣ ሁለቱን በገንዘብ በአንድ በረራ ላይ መያዝ ይቻላል። ሆኖም ሁለት የተለያዩ የቦታ ማስያዣዎች ስለሚሆኑ፣ ልጆቹ ከወላጅ ጋር እንዲቀመጡ አየር መንገዱ ጋ ደውሎ ማያያዝ ያስፈልጋል።