ሦስት እባቦች ናቸው! ስለ ሜታል ጊር ሶሊድ ስንት ጊዜ ላስረዳ?

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ጌም ቤት ነበረኝ። አሁን ስልክ እጠግናለሁ። የያኔዎቹ ልጆች ዛሬ ፂም አውጥተው ስልካቸውን ሊያሠሩ ሲመጡ ወሬያችን ያው የድሮው ነው፤ ስኔክ (እባብ) የሚባል ወታደር ሆናችሁ ጠላት ሰፈር ተደብቃችሁ የምትገቡበት ጌም፣ ሜታል ጊር ሶሊድ። ትዝታው ደስ ይለኛል። ታሪኩን አደበላልቀው ሲተርኩት ግን ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ይዞ መጣ። እየጠበቀ ለጓደኛው ያስረዳል። «ስኔክ እኮ ጫካ ውስጥ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ አላስካ ሄደ። መጨረሻ ላይ አርጅቶ ሞተ።» ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ።

«ስኔክ አንድ ሰው ነው»

አይደለም። የምንጫወትባቸው ሦስት ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ጫካ ውስጥ እባብ እየጠበሰ የሚበላው ኔክድ ስኔክ ይባላል። ጌሙ በ2004 ቢወጣም ታሪኩ የ1964 ነው፤ ቦታውም ሶቪየት ኅብረት። ይህ ሰው ያሳደገችውን አስተማሪውን፣ ዘ ቦስን፣ እንዲገድል ይታዘዛል። ገደላት። ለዚህም ቢግ ቦስ የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

በ1998 በወጣው ጌም አላስካ ውስጥ ሻዶ ሞሰስ ደሴት የገባው ሌላ ነው። እሱ ሶሊድ ስኔክ ነው፤ የቢግ ቦስ ልጅ። ልጅ ስል በወግ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። በ1972 ከቢግ ቦስ ዘር ወስደው ክሎን፣ ማለት የእሱን ቅጂ፣ ሠሩ። ሶሊድና ሊኩዊድ እንደዚያ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። በ2001ቱ ሁለተኛ ጌም ላይ የምናገኘው ሶሊደስም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

እኛ እኮ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። የአያቱን አያት ስም ሳይደናቀፍ የሚጠራ የጎጃም ልጅ፣ የእባቡን ሁለት ትውልድ መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?

እውነቱን ለመናገር ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ኔክድ ስኔክንም ሶሊድ ስኔክንም በእንግሊዝኛ የሚናገርላቸው አንድ ሰው ነው፣ ዴቪድ ሄይተር። የዓይኑ ነገር ደግሞ አለ። ቢግ ቦስ ቀኝ ዓይኑን ያጣው ኦሴሎት ከሚባል ባላጋራው ሽጉጥ በወጣው ብልጭታ ነው። በ2008ቱ አራተኛ ጌም ላይ ሽማግሌው ስኔክ ግራ ዓይኑ ላይ ያደረገው ግን መሸፈኛ አይደለም፤ ማያ መሣሪያ ነው። ከሥሩ ዓይኑ ደህና ነው። ሽማግሌ ማለቱም ለመልኩ ነው እንጂ ሰውየው ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሎን ሲያደርጉት ቶሎ እንዲያረጅ አድርገው ሠርተውታል። መጨረሻ ላይም አልሞተም። መቃብሩ ጋ የሚሞተው አባትየው ቢግ ቦስ ነው።

ለዚህ ሁሉ መደበላለቅ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው። በሰዓት ነበር የማስከፍለው። ይህ ጌም ደግሞ ወሬ ይወዳል፤ ሁለት ሰዎች በሬዲዮ ብዙ ደቂቃ ያወራሉ። ብሩን የከፈለው ልጅ ሰዓቱ እየሄደበት ነው። ከኋላው ያለው ተረኛ «እለፈው! እለፈው!» ይላል። ያልፈዋል። እንዲህ እየታለፈ ያለቀ ጌም፣ ቤቱ ሲደርስ ከራሱ አውጥቶ ይተርከዋል። ታናሽ ወንድሙ ያንን ሰምቶ ያድጋል። ይኸው ዛሬ እኔ ጋ ስልክ ሊያሠራ ይመጣል።

ሦስተኛው እባብ የ2015ቱ ነው። አልጨረሳችሁት ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ጌሙን ሙሉ ቢግ ቦስን ሆናችሁ የተጫወታችሁ ይመስላችኋል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ቢግ ቦስን የሚያስመስል ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሐኪም ነበር፤ ፊቱን ቀይረው፣ ሐሳቡንም ቀይረው የሠሩት። ቬኖም ስኔክ የምንለው እሱን ነው። በመጀመሪያው የ1987 ጌም ላይ ሶሊድ ስኔክ አሸነፈው የተባለው ቢግ ቦስም እሱ ነበር። ይህን ለማወቅ 28 ዓመት ጠበቅን።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ማንን ነበር የተጫወትኩት?» አለ። ስክሪኑን ገጥሜ ሰጠሁት።

«ተደብቆ መሄድ የፈሪ ነው»

ይህንን የሚለኝ የበላይ ዘለቀ አገር ሰው ነው! አርበኞቻችን ጣልያንን ገደልና ጫካ ተገን አድርገው፣ በደፈጣ አይደል እንዴ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡት? ሽምቅ ውጊያ ፈሪ አይችለውም።

ደግሞም ጌሙ ራሱ ይቆጥርባችኋል። ሦስተኛው፣ የ2004ቱ፣ ላይ ወንዝ ውስጥ የምትሄዱበት ቦታ አለ። በመንገዳችሁ የገደላችሁት ሁሉ እየተነሣ በፊታችሁ ይመጣል። ያገኘውን ሁሉ ሲረፈርፍ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ወንዙ አላልቅ አለው። «ጌሙ ተበላሽቷል፣ ገንዘቤን መልስ» አለኝ። አልተበላሸም፤ ሬሳው በዝቶ ነው። በማደንዘዣ ሽጉጥ እያስተኛ የሄደ ሰው ወዲያው ነው የሚሻገረው። ዘ ቦስ ላይ ሲደርስ ግን ምርጫ የለም። ጌሙ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ቃታውን የምትስቡት እናንተ ናችሁ። እዚያ ጋ ጆይስቲኩን ጥሎ የወጣ ልጅ አውቃለሁ።

«የመጀመሪያው የ1998ቱ ነው»

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የምንለው ከ1998ቱ ቆጥረን ነው እንጂ የመጀመሪያው የ1987 ነው፤ ኤምኤስኤክስ 2 በሚባል ኮምፒውተር የወጣ። የጌሙ ፈጣሪ ሂዴኦ ኮጂማ፣ ኮናሚ ለሚባለው የጃፓን ኩባንያ የጦርነት ጌም ሥራ ተባለ። ማሽኑ ግን ብዙ ወታደርና ጥይት አንድ ላይ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ከመተኮስ ይልቅ የሚደበቁበት ጦርነት ሠራ። ከድህነት የመጣ ብልሃት ነው።

«ሁለተኛውን ስጫወት ሌላ ጌም ቀላቅለህብኛል»

አልቀላቀልኩም። መርከቡ ላይ በስኔክ ትጀምራላችሁ፤ ከዚያ ራይደን የሚባል ጸጉረ ነጭ ሌላ ወታደር ይመጣል። ሆን ተብሎ ነው። በ2001 ከመውጣቱ በፊት ራይደንን ከማስታወቂያው ደብቀውት ነበር። ማርቆስ ብቻ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ነው የተሸወደው።

«ሽማግሌው ተኳሽ ሳይተኮስበት ይሞታል የሚባለው ወሬ ነው»

ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። ሦስተኛው ጌም ላይ ዘ ኤንድ ከሚባለው ሽማግሌ ጋር ስትዋጉ፣ ውጊያው መሃል ሴቭ አድርጋችሁ ከሳምንት በላይ ቆዩ፣ ወይ የማሽኑን ቀን ወደፊት ግፉት። በእርጅና ሞቶ ታገኙታላችሁ። ሳምንት ይበቃል፤ ሰባት ዓመት መግፋት አያስፈልግም።

«ሳይኮ ማንቲስን ለመግደል ሁለት ጆይስቲክ ያስፈልጋል»

አንድ ይበቃል። ይህ የ1998ቱ ጌም ጠላት ሐሳባችሁን የሚያነበው ጆይስቲኩ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ነው። ነቅላችሁ ሁለተኛው ላይ ሰኩት፣ አለቀ። የእኔ ማሽን ሁለተኛ ቀዳዳው የማይሠራ ነበርና ሁለት ሳምንት ተሰቃይተናል። እየተሸነፋችሁ የስኔክን አዛዥ፣ ኮሎኔሉን፣ በሬዲዮ ብትጠሩት ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሐውልቶች ምቱ ይላል። ግን ማን ያዳምጣል? «እለፈው!»

«የድሮው ምስል እንዴት ያምር ነበር»

የ1998ቱን ዛሬ ክፈቱትና ፊታቸውን እዩ። ዓይን የላቸውም! ጥላ ብቻ ነው። ዓይኑን የሠራነው እኛ ነን፣ በጭንቅላታችን። የ2025ቱን አዲስ የሦስተኛውን ሥሪት የሚንቁም አሉ። ምስሉ አዲስ ነው፤ ታሪኩና ድምፁ ግን ያው የ2004ቱ ነው።

መጀመር የሚፈልግ ካለ እንደ ታሪኩ ዘመን አይሂድ፣ እንደ አወጣጣቸው ይሂድ። 1998፣ 2001፣ 2004፣ 2008፣ ከዚያ የ2010ሩ ፒስ ዎከር፣ መጨረሻ የ2015ቱ። ከ1964ቱ ከጀመራችሁ ቢግ ቦስ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ስለማታውቁ ልብ የሚሰብረው ነገር ሳይሰብራችሁ ያልፋል። ደግሞ እባካችሁ ወሬውን አትለፉት። አሁን ማንም በሰዓት አያስከፍላችሁም።

«ኮፒ ሲዲ ስለሆነ መሃል ላይ ይቆማል»

ይህ ደንበኛ አሳጥቶኛል። የ1998ቱ ላይ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነው ቤከር፣ ሜሪል የምትባለውን ወታደር በሬዲዮ ጥሯት፣ ቁጥሩ ሲዲው ማሸጊያ ጀርባ ላይ አለ ይላል። ማሸጊያ ማለቱ እጃችሁ ላይ ያለውን፣ የጌሙን የራሱን ዕቃ ነው። የእኔ ሲዲ ከአዲስ አበባ የመጣ ኮፒ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በማርከር «ሜታል» የተባለበት። ልጆቹ ሲዲውን አውጥተው በብርሃን ገለባበጡት። ምንም የለም። «ኮፒ እንዳይሠራ የተደረገ ወጥመድ ነው» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላ።

ወጥመድ አልነበረም። አንድ ምሽት መብራት እስኪጠፋ ተቀምጬ ቁጥሩን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ ሞከርኩ። 140.15 ላይ አነሣች። በማግስቱ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጃቸውን ፍለጋ መጡ፤ ግድግዳውን አዩና «አንተ፣ ለዚህ ነገር መቶ አርባ ብር ታስከፍላለህ?» ብለውኝ የልጃቸውን ጆሮ ይዘው ወሰዱት።